ጌም ቤት ማሸግ ምን ይፈታል?

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲጀመር በየከተማው የተለመደ ዘመቻ አለ። ፖሊስ፣ ንግድ ጽሕፈት ቤትና የወጣቶች ጽሕፈት ቤት አንድ ላይ ሆነው «የመማር ማስተማሩን ሥራ ያውካሉ» የተባሉ ቤቶችን ይዞራሉ። ዝርዝሩ ሁሌም አንድ ነው፦ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ፑል ቤት፣ ቤቲንግ ቤት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጌም ቤት። በር ይታሸጋል፣ ዕቃ ይወሰዳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዜና ይሠራል። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ያው ቤት በጓሮ በር፣ ከወፍራም መጋረጃ ጀርባ ሥራ ይጀምራል። ያኔ በእርግጥም ወላጅ የሚፈራው ዓይነት ቤት ይሆናል።

የዝርዝሩ ስህተት የመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ጌም ቤት ከሺሻ ቤት ጋር በአንድ መስመር መጻፍ የለበትም። ይህ ለየትኛውም ከተማ እውነት ነው፤ ለነቀምቴ፣ ለጊምቢ፣ ለሻምቡ፣ ለነጆ፣ ለደምቢ ዶሎ ግን ከሌላው ይበልጥ እውነት ነው። መንገዱ፣ ኔትወርኩና ምሽቱ በየተራ ለሚዘጋበት የወለጋ ወጣት ከቀሩት ጥቂት ክፍት በሮች አንዱ የጌም ቤት በር ነው።

ገብቶ ለማያውቅ ሰው ጌም ቤት ማለት ይህ ነው። አንድ ክፍል፣ ሦስት ወይም አራት ቴሌቪዥን፣ ከመርካቶ የመጣ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን፣ አግዳሚ ወንበር። ደጁ ላይ ጆተኒ ይኖራል። ሒሳቡ በጌም ነው። አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ፊፋ ነው፤ ጥግ ላይ ባለችው አሮጌ ማሽን ግን ቴከን ወይም ሞርታል ኮምባት የከፈተ አይጠፋም። የፊፋ ተጫዋች ይጮኻል፣ ዳኛ ይሰድባል፣ ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ይላል። የቴከን ተጫዋች ዝም ይላል። በእሱ ፈንታ የሚያወሩት ከኋላው የቆሙት ናቸው፤ ልክ ገበጣ ሲጫወቱ ከበው እንደሚያዩት ሽማግሌዎች፣ ተጫዋቹ ያላየውን ሁሉ ያዩ ይመስላቸዋል።

ወረፋው የሚመራው በሁለት ሕግ ነው። ማንም አልጻፋቸውም፣ ሁሉም ያውቃቸዋል። ተሸናፊ ይነሣል። ተሸናፊ ይከፍላል።

የዓለም የፍልሚያ ጌም ውድድር የተገነባው በእነዚሁ ሁለት ሕጎች ላይ ነው፤ የተገነባውም ጃፓን ውስጥ፣ ከሰፈር ጌም ቤት ወለል ተነሥቶ ነው። ዛሬ ያ ውድድር አዳራሽ ይሞላል፣ ስፖንሰር አለው፣ በቀጥታ ይተላለፋል። ሲጀመር ግን የነቀምቴ ልጅ አይቶ «ይሄማ የኛ ነው» የሚለው ነገር ነበር።

ታይቶ የተባለው ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን እ.ኤ.አ. በ1978 ሲያወጣ ጃፓን ውስጥ ጌም ቤት እንደ አሸን ፈላ። ወላጅና መምህር ተነሡ። ልጆች ትምህርት ጥለው እዚያ ይውላሉ፣ መቶ የን ሳንቲም ለማግኘት ይሰርቃሉ፣ ከዱርዬ ጋር ይገጥማሉ ተባለ። ክሱ ቃል በቃል ዛሬ በኢትዮጵያ ከተሞች የሚሰማው ነው። የጃፓን መንግሥትም ዝም አላለም። የመዝናኛ ቤቶችን የሚቆጣጠረው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1984 ተሻሽሎ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ሲውል ጌም ቤቶች በውስጡ ተካተቱ። ይህ ሕግ የምሽት መጠጥ ቤቶችን፣ የፓቺንኮና የማህጆንግ ቤቶችን የሚገዛ ነው። ስለዚህ ጃፓንም ጌም ቤትን ከሌሎቹ ጋር በአንድ መዝገብ አስፍራዋለች። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባደረገችው ላይ ነው። አላሸገችም፤ ፈቃድ ሰጥታ ገደብ አበጀች። ቤቱ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አይገባም። ከ16 ዓመት በታች ያለው በብዙ አውራጃዎች ምሽት 12 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል አጠገብ አይከፈትም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፦ ባለቤቱ ጨዋታ ላሸነፈ ሰው ሽልማት መስጠት አይችልም።

ይህ የመጨረሻው ገደብ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ሠራ። ገንዘቡን ከጨዋታው አወጣው። በጃፓን ጌም ቤት ያሸነፈ ሰው የሚያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አለመነሣት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በአንድ ሳንቲም ቀኑን ሙሉ መዋል። ተሸናፊው ሌላ ሳንቲም ከትቶ እንደገና ይሞክራል፣ ወይም ይነሣል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ካፕኮም «ስትሪት ፋይተር 2»ን አወጣ። ከዚያ በፊት የጌም ቤት ጀግና ማለት ብዙ ነጥብ ያስመዘገበ ሰው ነበር፤ «ጌሜስት» የተባለው መጽሔት የነጥብ ዝርዝር ያትም ነበር። ተጫዋቹ የሚታገለው ከማሽን ጋር ነው። አሁን ግን ሰው ከሰው ጋር ገጠመ። ሁለት ማሽኖች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ተገናኙ፤ ተጫዋቾቹ ፊት ለፊት ሆነው አይተያዩም። ይህ ለዓይን አፋር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ማንንም «እንጫወት ወይ?» ብሎ መለመን አያስፈልግም፤ በዚያኛው በኩል ተቀምጦ ሳንቲም መክተት በቂ ነው። የትምህርት ቤት ልጅ ከባንክ ሠራተኛ ጋር፣ የሱሺ ቤት ተላላኪ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ሳይተዋወቁ ሲፋለሙ ይውላሉ።

ውድድሩ የተወለደው ከዚህ ነው። ባለቤቱ ግድግዳ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፤ ቅዳሜ ውድድር አለ ይላል። ስም ይመዘገባል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ከቤቱ ሠራተኞች አንዱ ድምፅ ማጉያ ይይዛል። ብዙ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ደብተር ያስቀምጡ ነበር፤ ተጫዋቾች ለሌላው መልእክት፣ ሥዕል፣ ስድብና ምክር ይጽፉበታል። ስልክ በኪስ ባልነበረበት ዘመን ያ ደብተር ነበር የሚያገናኛቸው።

ስማቸውንም ከሰፈራቸው ወሰዱት። ሴጋ በ1994 «ቨርቹዋ ፋይተር 2»ን ሲያወጣ በመላ ጃፓን የታወቁት ተጫዋቾች ሺንጁኩ ጃኪ፣ ኢኬቡኩሮ ሳራ፣ ካሺዋ ጄፍሪ የሚባሉ ነበሩ። የመጀመሪያው ስም የሚጫወቱበት ሰፈር ነው፤ ሁለተኛው የሚመርጡት ገጸ ባሕርይ። ሺንጁኩ ጃኪ ማለት «በሺንጁኩ ጃኪን ይዞ የሚመታው የለም» ማለት ነው። አንዱ ሰፈር ሌላውን ሊገጥም በባቡር ይሄድ ነበር፤ እንደ እግር ኳስ ቡድን። ወለጋ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ሰው በከተማው ስም መጠራት ይወዳል፤ የጊምቢው፣ የሻምቡው፣ የነጆው ማለት ሙገሳም ዱላም ነው።

ከእነዚያ ቤቶች አንድ ልጅ ወጣ፤ ዳይጎ ኡሜሃራ። ገና ሕፃን ሳለ የቶኪዮ ጌም ቤቶችን የለመደ፣ በ1998 በ17 ዓመቱ የጃፓንን ብሔራዊ ውድድር አሸንፎ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ የአሜሪካውን ሻምፒዮን የመታ። በ2004 ካሊፎርኒያ ውስጥ «ኢቮ» በተባለው ውድድር ያደረገውን እስከ ዛሬ በኢንተርኔት የማያየው የፍልሚያ ጌም ወዳጅ የለም። ገጸ ባሕርይው ልትወድቅ የቀራት ጉልበት አንዲት ጭረት ነው፤ አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ 15 ምት ያለው ጥቃት ሰነዘረ፤ ኡሜሃራ ሁሉንም አንድ በአንድ መክቶ መልሶ አሸነፈ። ቪዲዮው የማይነግረው ነገር የፍጻሜውን ጨዋታ መሸነፉን ነው። ከዚያም ጌሙን ትቶ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠራ፤ በኋላ ተመለሰና ከመጀመሪያዎቹ ባለሙያ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። «ጌም ልጄን የት ያደርሰዋል?» ለሚል ወላጅ ይህ ታሪክ ሙሉ መልስ አይሆንም። ለአንድ ኡሜሃራ ሺዎች ሳንቲማቸውን ጨርሰው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ግን በሰላም ተመልሰዋል፤ የማታ ወዳጆች ይዘው፣ መሸነፍን ለምደው።

ወደ ነቀምቴ ስንመለስ በከተማዋ ጌም ቤትን እየበላ ያለው ፖሊስ ብቻ አይደለም። ቤቲንግ ነው። በብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ፈቃድ የተከፈተው የስፖርት ውርርድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየክልሉ ከተሞች ደርሷል፤ ሁለቱ ቤቶች ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ወጣት፣ ስክሪን፣ ጩኸት። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ቤቲንግ ቤት የገባ ልጅ በሕይወቱ አግኝቶት የማያውቅ እንግሊዝ አገር ያለ ሰው ግብ እንዲያገባለት ብሩን ያስይዛል፤ ማሸነፍና መሸነፉ በእጁ የለም፤ ሲሸነፍ ብሩ ማን ጋ እንደሄደ እንኳ አያይም። ጌም ቤት የገባው ልጅ አጠገቡ ከተቀመጠው ጎረቤቱ ጋር ይገጥማል፤ የተሸነፈው ጣቱ ስለዘገየ ነው፤ የከፈለው ብር የቤቱ ኪራይና የመብራት ሒሳብ ነው። «ተሸናፊ ይከፍላል» ውርርድ የሚመስለው ከሩቅ ለሚያየው ነው። አሸናፊው ኪስ ውስጥ ምንም አይገባም።

ችግሩ ይህ መስመር በሕግ አለመሰመሩ ነው። ስለዚህ ይሰበራል። ብር አስይዘው የሚጫወቱባቸው ጌም ቤቶች አሉ፤ ጎን ለጎን ቤቲንግ የሚቆርጡም አሉ፤ ጫት የሚያስቅሙም አይጠፉም። ዘመቻው ሲመጣ እነዚህና ደህናው ቤት እኩል ይታሸጋሉ። እኩል የሚቀጡ ከሆነ ደግሞ ደህና ሆኖ መቆየት ለባለቤቱ ምን ይጠቅመዋል? ንጹሕ ቤት ለመያዝ የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ጫት ቃሚውን ደንበኛ ማባረር፣ ልጁን በጊዜ ወደ ቤቱ መስደድ። ይህን ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ ካልከፈለው የሚለይበት ነገር ከሌለ የሚያሸንፈው ያልከፈለው ነው።

«እነዚያ ጃፓኖች ናቸው፤ ባቡር አላቸው፣ መብራት አይጠፋባቸውም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ለእሱ የሚሆነው ምሳሌ ፓኪስታን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የላሆሩ አርስላን ሲዲቅ፣ በጌም ስሙ አርስላን አሽ፣ በቪዛና በበረራ ጣጣ ተንገላትቶ ጃፓን ደረሰና የቴከን 7ን ውድድር አሸነፈ። ዓለም ስሙን አያውቀውም ነበር። በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ሄዶ ዋናውን ኢቮ ደገመው። «እንዴት?» ሲሉት አገሬ ውስጥ ከእኔ የማያንሱ ብዙ አሉ አለ። ደቡብ ኮሪያዊው ቤ ጄ-ሚን፣ ተጫዋቾች «ኒ» የሚሉት የቴከን አንጋፋ፣ እውነቱን ሊያይ ላሆር ድረስ ሄደ፤ በርካታ ግጥሚያ ተሸንፏል። ምስጢሩ ቀላል ነበር። ፓኪስታን ውስጥ ኢንተርኔቱ በመስመር ላይ ለመጫወት የሚመች ስላልነበረ ልጆቹ ያደጉት በአንድ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ነው። እጥረቱ ሰብስቦ አሠለጠናቸው። ክፍሎቹ ታሽገው ቢሆን ኖሮ ግን እጥረት ብቻውን ማንንም አያሠለጥንም።

ኔትወርክ ማጣትን ወለጋ ከላሆር በላይ ታውቀዋለች። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ድረስ ለሦስት ወር ያህል በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ጭምር። ኮሮና በዓለም ላይ በተነሣበት ሰሞን ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ደግሞ አገሩ በሙሉ ጨለመ። ስልክ በማይሠራበት ከተማ ሰው ለማግኘት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ መሄድ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ገበያ፣ ቡና ቤት። ለ17 ዓመት ልጅ ደግሞ ጌም ቤት። እዚያ «እገሌ የት ጠፋ?» ይባላል። እዚያ ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣው ልጅ ስሙን ሳይጠየቅ ወረፋ ይይዛል፤ ማንነቱ የሚለየው በሚይዘው ቡድን ነው። ነቀምቴ ከ2011 መባቻ ጀምሮ ከካማሺ በኩል የተፈናቀሉትን ተቀብላለች፤ ከዚያም በኋላ ከየወረዳው የሸሸውን። እነዚህ ልጆች ከከተማው ልጅ ጋር እኩል የሚቀመጡበት ስንት ክፍል አለ?

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። በመንግሥት ኃይሎችና ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በሚለው፣ መንግሥት «ሸኔ» በሚለው ታጣቂ ቡድን መካከል ያለው ውጊያ ዓመታት አስቆጥሯል። በ2015 እና በ2016 ታንዛኒያ ላይ የተደረጉት ሁለት ዙር ድርድሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። ጥይት ሰምቶ ላደገ፣ አስከሬን ላየ ልጅ ሰው ሰውን የሚደበድብበት ጌም ይሰጠዋል ወይ? ይህን የሚጠይቅ እናትን መናቅ ነውር ነው። ሞርታል ኮምባት ደም የሚረጭ ጌም ነው፤ ለትንሽ ልጅ አይሆንም፤ ይህን መከልከል ቀላል ነው፣ መከልከልም አለበት። የፍልሚያ ጌም ግን ከጦርነት የሚለይበት ነገር አለው። ሁለቱም እኩል ጉልበት ይዘው ይጀምራሉ። ጊዜው የተቆጠረ ነው። ያለቀው ዙር ያልቃል፤ የወደቀው ይነሣል፤ ቀጣዩ ይቀመጣል። ቂም የሚይዝ ልጅ ወረፋ ይዞ ተመልሶ መምጣት አለበት። ጌም ማንንም ከጦርነት አያድንም፤ ይህን ያህል መጫን አይገባም። ምሽቱን ግን በደጅ ከመቆም፣ ማንም መጥቶ ሊመለምለው ከሚችልበት ጥግ ከመቀመጥ ያድነዋል።

ሌላው ተቃውሞ ብዙ የማይነገረው ነው። ጌም ቤት የወንድ ዓለም ነው። ሴት ልጅ በሩ ላይ ብትቆም ሁሉም ዞሮ ያያታል፤ ወንድሟን ልትጠራ የመጣች ነው የሚመስለው። ለወጣት የቀረው ክፍት በር ለግማሹ ወጣት የተዘጋ ከሆነ ሙገሳው ግማሽ ነው። የጃፓን ቤቶችም በዚህ የሚመሰገኑ አልነበሩም። መጋረጃው ተነሥቶ ቤቱ ከመንገድ የሚታይ ከሆነ፣ ጫቱና ሲጋራው ከወጣ፣ ቢያንስ እህት ከወንድሟ ጋር ልትገባ ትችላለች። ታሽጎ በጓሮ የተከፈተ ቤት ውስጥ ግን መቼም አትገባም።

እንግዲህ የነቀምቴ ከተማ አስተዳደር ማድረግ የሚችለው ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ጌም ቤትን ከአዋኪዎች ዝርዝር አውጥቶ የራሱን ፈቃድ መስጠት። ሰዓት መወሰን፤ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ በትምህርት ሰዓት አይገባም፣ ከ16 ዓመት በታች ያለው 12 ሰዓት ላይ ይወጣል፣ የከተማው ሰዓት እላፊ ካለም እሱ ይከበራል። በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁን። ብር የተያዘበት ጨዋታ የተገኘበት ቤት ይታሸግ፤ እሱ ብቻ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ማኅበር ቢኖራቸው ከፖሊስ በፊት አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል፤ የአንዱ ጥፋት የሁሉንም ገበያ ስለሚያበላሽ።

ውድድሩም ከዚያው ይጀምር። ስፖንሰር መጠበቅ፣ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር አቋርጦ የሚመጣ አዘጋጅ መፈለግ አያስፈልግም። ፊፋም ይሁን ቴከን፣ የየሰፈሩ ጌም ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የራሱን አሸናፊ ይለይ፤ ወረቀት፣ እስክሪብቶና አንድ ጮክ ብሎ የሚናገር ልጅ ይበቃል። የየሰፈሩ አሸናፊዎች ደግሞ በከተማው የወጣት ማዕከል ወይም በወለጋ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ይገናኙ። ዩኒቨርሲቲው ጊምቢና ሻምቡ ላይም ግቢ አለው፤ ተማሪዎቹ ከመላ አገሪቱ የመጡ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከከተማው ልጅ ጋር የሚገናኙበት ምክንያት ግን እምብዛም የላቸውም። ሽልማቱ ዋንጫ ይሁን፤ ብር አይሁን። ዋንጫውም ተሸናፊው ቤት በሚቀጥለው ወር ሊወስደው የሚችል፣ ከቤት ቤት የሚዞር።

የጊምቢው ልጅ ነቀምቴ መጥቶ የነቀምቴውን የሚገጥምበት ቀን ሌላ ጉዳይ ነው። በመካከል ያለው መንገድ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በደህና ጊዜ ጠዋት ተነሥቶ፣ ተጫውቶ፣ ምሳ በልቶ የሚመለስበት ርቀት ነው። መንገዱ እንዲህ እስኪሆን ድረስ ማንም ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ልጆችን በሚኒባስ ጭኖ ለጌም አይልክም። እስከዚያ የነቀምቴ ሰፈሮች እርስ በርሳቸው ይግጠሙ፤ ጊምቢም የራሷን ትለይ፤ ሻምቡም፣ ደምቢ ዶሎም። ሥራው መንገድ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ንግድ ጽሕፈት ቤቱን ነው።